«አር ዩ ሞኪንግ ሚ?» ብዬ ባልደረባዬን አስቀየምኩ፤ «ሞክ» በትክክል ምን ማለት ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛልና ትንሽ ላብራራ።

የምሠራው ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር ነው፤ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ ብዙ የደከምኩበት ሪፖርት አንድም እርማት ሳይወጣለት እንደጸደቀ ነገረችኝ። በአማርኛ ቢሆን «ትቀልጃለሽ!» ነበር የምለው። እሱን ለማለት ፈልጌ «አር ዩ ሞኪንግ ሚ?» አልኳት። ፈገግታዋ እዚያው ጠፋ። ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ኖ፣ አይ ዉድ ኔቨር» (ኧረ በፍጹም አላደርገውም) ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ራሱ ቀዝቅዟል።

መዝገበ ቃላት አየሁ። «ሞክ፦ አሾፈ፣ ቀለደ፣ አላገጠ» ይላል። እኔም ያልኩት መቀለድን ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሪዲክዩል፣ ቲዝ፣ ሜክ ፈን የሚባሉትስ ከሱ በምን ይለያሉ? እባካችሁ በምሳሌ አስረዱኝ።

ቃል ወዳድ፦
እህቴ፣ ያሳሳተሽ ያ መዝገበ ቃላት ነው። ሦስት ቃላት በነጠላ ሰረዝ ሲደረደሩ እኩል ይመስላሉ፤ እኩል ግን አይደሉም።

የአማርኛውን «ቀለደ» እስቲ ልብ ብለሽ እዪው። «ትቀልጃለሽ?» እና «ትቀልጂብኛለሽ?» አንድ ናቸው? የመጀመሪያው ደስታ ነው፣ ማመን ማቃት ነው፤ ማንንም አይነካም። ሁለተኛው ጠብ ነው። «ሞክ» ሁልጊዜ ያቺን «ብኝ» ይዞ ነው የሚመጣው። ባልደረባሽ ጆሮ የገባው «ታላግጪብኛለሽ እንዴ?» የሚል ነገር ነው። የምሥራች ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ያማል።

ልትያት የፈለግሽው «አር ዩ ኪዲንግ?» ወይም «ዩ ማስት ቢ ጆኪንግ!» ነው። ኪድ እና ጆክ ከእኛ «ትቀልጃለሽ» ጋር ይሄዳሉ፤ ሞክ አይሄድም።

የሰዋስው መምህር፦
ቃል ወዳድ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ በሰዋስው በኩል ልጨምርበት።

የአማርኛ የፌዝ ግሦች ሁሉም ማለት ይቻላል «በ»ን ይወዳሉ። ሳቀበት፣ አሾፈበት፣ አፌዘበት፣ ተሳለቀበት፣ አላገጠበት፣ ተዘባበተበት። ይህቺ «በት» ነገሩ በሰውየው ላይ የተደረገ መሆኑን ትናገራለች፤ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ብላችሁ ብታነጻጽሩ ጉልበቷ ይታያችኋል። ተማሪዎቼ ታዲያ ይህቺኑ «በት» ይዘው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። «ሂ ሞክድ ኦን ሚ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሞክ መስተዋድድ አይፈልግም። «ሂ ሞክድ ሚ» ካላችሁ በቂ ነው፤ ጥቃቱ ግሡ ውስጥ አለ። በድሮ ጽሑፎች «ሞክ አት» ታገኙ ይሆናል፤ ዛሬ ግን አትጻፉት።

ሪዲክዩል፣ ቲዝ፣ ቶንት እና ዲራይድም እንደ ሞክ ሰውየውን በቀጥታ ይይዛሉ። «አት» የሚፈልጉት ላፍ፣ ስኮፍ፣ ጂር እና ስኒር ናቸው። ሜክ ፈን «ኦቭ» ይወስዳል፤ ወንድሙ ፖክ ፈን ደግሞ «አት»። ይህንን በሕግ ለማስረዳት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ግሡን ከነመስተዋድዱ እንደ አንድ ቃል አጥኑት።

ሪዲክዩል ስም ሆኖም ግሥ ሆኖም ያገለግላል፤ አነጋገሩ ላይ ጫናው መጀመሪያው «ሪ» ላይ ነው። ሪዲክዩለስ ሲሆን ግን ጫናው ወደ «ዲ» ይዞራል፤ ትርጉሙም አብሮ ይለዝባል። «ዛት ኢዝ ሪዲክዩለስ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በማንም ላይ እየሳቀ አይደለም፤ «ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው!» እያለ ነው።

ዝምተኛው፦
እኔ ብዙ አልጽፍም፤ ይህን ክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሞክ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ እንተባተብ ነበር፤ አሁንም ሲደክመኝ ይመለስብኛል። ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ሳነብ «መ» ላይ ከተያዝኩ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ድምፁን ቀንሶ «መ-መ-መ» ይል ነበር። አይሰድበኝም፤ የሚለው ያንኑ የኔን ድምፅ ነው። ክፍሉ ሲስቅ አስተማሪውም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ መንተባተብ የሚያወራ ጽሑፍ ሳነብ «ዘይ ሞክድ ሂዝ ስታመር» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ለዚያ ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ለጠያቂዋ ልጨምርላት የምፈልገው ይህን ነው። ሞክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ማስመሰል አለ። የሰውየውን አነጋገር፣ አረማመድ፣ የፊት ሁኔታ ቀድቶ መልሶ ለራሱ ማሳየት። ሪዲክዩል ለማድረግ መቅዳት አያስፈልግም፤ «ሐሳቡ ከንቱ ነው» ብሎ ሰው ፊት ማሳቅ ይበቃል። «አስመስሎ አሾፈብኝ» ማለት ከፈለጋችሁ ቃሉ ሞክ ነው።

ጀማሪዋ፦
@ዝምተኛው፣ ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማስመሰል እንዳለበት ጨርሶ አላወቅኩም ነበር።

ፈተና የደረሰበት፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። እንዲህ ከሆነ «ሞክ ኤግዛም» ምንድን ነው? ዋናው ፈተና ከመድረሱ በፊት የምንፈተነው ማለቴ ነው። ማን በማን ላይ እያሾፈ ነው?

ኮድ ጸሐፊው፦
@ፈተና የደረሰበት፣ መልሱ ዝምተኛው የጻፈው ላይ አለ። ቃሉ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ማስመሰል፣ ሌላው ንቀት። ግሥ ሲሆን ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይነካሉ። ከስም በፊት ገብቶ ቅጽል ሲሆን ግን ንቀቱን ጥሎ በማስመሰሉ ብቻ ይቆማል። ሞክ ኤግዛም ዋናውን መስሎ የተዘጋጀ ፈተና ነው፤ የእኛ «ሞዴል ፈተና» ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪዎች ጂሲኤስኢ እና ኤ ሌቭል ከሚባሉት ትልልቅ የትምህርት ቤት ፈተናዎች በፊት የሚወስዱትን አሳጥረው «ሞክስ» ይሉታል።

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ቃሉን በቀን አሥር ጊዜ እንጠራዋለን። የጻፍኩት ፕሮግራም ከክፍያ ሥርዓት ጋር ይነጋገራል እንበል። ልፈትሸው በፈለግኩ ቁጥር እውነተኛ ገንዘብ ማንቀሳቀስ አልችልም፤ ስለዚህ የክፍያውን ሥርዓት መስሎ «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» ብሎ የሚመልስ ትንሽ ነገር እጽፋለሁ። እሱን ሞክ እንለዋለን፤ «ሞክ አድርገው» ብለን በአማርኛም እናዝበታለን። ስድብ የለበትም።

ተፈጥሮም ውስጥ አለ። ፀሐይ ዝቅ ስትልና ከፍ ያለው ስስ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲኖሩ፣ ከፀሐይዋ ግራና ቀኝ 22 ዲግሪ ያህል ርቀው ሁለት ብሩህ ነጠብጣቦች ይታያሉ። «ሞክ ሰን» ይባላሉ፤ ፀሐይ መሳዮች። የሰሜን አሜሪካዋ ሞኪንግበርድ ደግሞ የሌሎች ወፎችን ድምፅ እየቀዳች የምትዘምር ወፍ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሚመስ ፖሊግሎቶስ ነው፤ «ብዙ ልሳን ያላት አስመሳይ» እንደማለት። ወፏ በማንም ላይ አታላግጥም። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ያዩት መቅዳቷን ነው።

ተርጓሚው፦
የኮድ ጸሐፊው «ሁለት እግር» ደስ ብሎኛል። በትርጉም ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ሦስተኛ ነገር እኔ ላንሣ፤ «ሞከሪ» የሚለውን ስም።

«ሞክ ትራያል» እና «ኤ ሞከሪ ኦቭ ኤ ትራያል» አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው የሕግ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ምስለ ችሎት ነው፤ ክቡር ሥራ ነው። ሁለተኛው ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀለት፣ ለይስሙላ የተሰየመ እውነተኛ ችሎት ነው። በዚህኛው የሚታሰር ሰው አለ። አንድ ጀማሪ ተርጓሚ ሁለተኛውን «ምስለ ችሎት» ብሎ ተርጉሞት አይቻለሁ። የተበደለው ሰው ጩኸት ሁሉ ከጽሑፉ ጠፍቶ፣ ነገሩ የተማሪዎች ልምምድ መስሎ ቀረ።

«ሜክ ኤ ሞከሪ ኦቭ» የሚለውም ሳቅ አይፈልግም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው በማግስቱ ሲጥሱት «ዘይ ሜድ ኤ ሞከሪ ኦቭ ዘ ሩልስ» ይባላል። ከመካከላቸው አንድም ሰው አልሳቀ ይሆናል። ደግነቱ አማርኛችን እዚህ ላይ ሳይቸገር ይከተላል፦ «ደንቡን መቀለጃ አደረጉት»፣ «በሕግ ቀለዱ»። የኛ «ቀለደ» ወደዚህ ከባድ ትርጉም ሲገባ ያቺው «በ» እንደገና መምጣቷን መምህሩ ልብ ይሉልኝ።

መቀለጃ፣ መሳቂያ፣ መሳለቂያ፣ መዘባበቻ። እነዚህን በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ማምጣት ያስቸግራል፤ «ላፊንግ ስቶክ»፣ «ኦብጀክት ኦቭ ሪዲክዩል»፣ «በት ኦቭ ዘ ጆክ» እያልን እንዞራለን። የመጨረሻው «በት» በድሮ ጊዜ ቀስተኞች የሚለማመዱበት ዒላማ ነበር። የቀልድ ዒላማ ማለት ነው፤ እኛም «የፌዝ ዒላማ» ስንል ምስሉ ያው ይሆንልናል።

ሳቂታዋ፦
እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ሞክን እንዲህ ሁልጊዜ ጨካኝ አድርጋችሁ ካስተማራችኋት፣ ነገ «ሺ ጀንትሊ ሞክድ ሂም» የሚል ስታነብ ግራ ሊገባት ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ የቆዩ ጓደኛሞች እርስ በርስ ሞክ ይደራረጋሉ። ሰው በራሱ ላይ ሲስቅም «ሰልፍ ሞከሪ» ይባላል፤ ይህ የሚወደድ ጠባይ ነው። እኔና እህቴ ስልክ ላይ አንዳችን የሌላዋን ድምፅ ሳንቀዳ ወሬ ጀምረን አናውቅም።

ቃል ወዳድ፦
@ሳቂታዋ፣ እውነትሽን ነው፣ ግን የራስሽን ምሳሌ እዪው። «ጀንትሊ» የሚለውን መጨመር ለምን አስፈለገ? ቃሉ ብቻውን ለስላሳ ቢሆን ማለስለሻ አይፈልግም ነበር። «በፍቅር ተቃለዱ» ስንል «በፍቅር» ብዙም አትጨምርም፤ «በፍቅር አላገጠችበት» ስንል ግን ያቺ «በፍቅር» ባትኖር ትርጉሙ ይገለበጣል። ሞክ ሁለተኛውን ነው የሚመስለው። የፍቅሩን ጨዋታ ያለ ማለስለሻ ለመናገር «ቲዝ» አለልሽ፤ አንቺና እህትሽ የምታደርጉት ቲዝ ነው። ቲዝም ሲበዛ ይጎዳል፤ ሲጀምር ግን ክፋት የለበትም።

ሳቂታዋ፦
ይሄ አሳምኖኛል። ያለ ማለስለሻ «ሺ ሞክድ ሂም» ብቻ ባነብ እኔም ለሰውየው አዝናለሁ።

የቃል ሥር ቆፋሪ፦
ቲዝ ከተነሣ ይህችን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የቲዝ የጥንት ትርጉሙ ሱፍን መበጣጠስ፣ ማበጠር ነው፤ ጥጥ እንደምናባዝተው ያለ። ጣቶች ክሩን ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ሲያደርጉ ይታያችሁ። ሰውን በቀልድ ሳብ ለቀቅ ማድረግ ከዚያ መጣ። ተናጋሪን እየጮኹ ማቋረጥ ማለት የሆነው «ሄክል»ም ከዚያው ሠፈር ነው፤ የተልባ እግር ጭረትን ማበጠሪያ የብረት ጥርስ ያለው መሣሪያ ስም ነበር። አንዱ በጣት፣ ሌላው በብረት ጥርስ። ልዩነታቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

«ሳርካዝም» ከሁሉም ይከፋል። ከግሪክ «ሥጋ መቦጨቅ» ከሚል ግሥ የመጣ ነው። «ሪዲክዩል» እና «ዲራይድ» ሁለቱም «መሳቅ» ከሚለው የላቲን ግሥ ወጥተዋል፤ ለዚህ ነው ሁለቱም ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ፣ ማለትም ተመልካች ያለው። ከዲራይድ የወጡ ሁለት ቅጽሎች ደግሞ ሰው ያምታታሉ። «ዲራይሲቭ» የሚያፌዝ ነው፤ «ዲራይሶሪ» የሚፌዝበት ነው። አንድ ኩባንያ ለትልቅ ጉዳት ኢምንት ካሳ ቢያቀርብ ገንዘቡ ዲራይሶሪ ነው፤ ያንን ሰምቶ ተበዳዩ የሚስቀው ሳቅ ዲራይሲቭ ነው።

ሞክ ራሱ ከፈረንሳይኛ «ሞኬ» ተወስዶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም ግሡን በመስተዋድድ ይሉታል፤ እንግሊዞች መስተዋድዱን ጥለውታል።

አንዲት ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ። ገላትያ 6፥7 ላይ በእንግሊዝኛው «ጋድ ኢዝ ኖት ሞክድ» የሚለው በአማርኛ «እግዚአብሔር አይዘበትበትም» ነው። የግሪኩ ግሥ ከአፍንጫ ቀዳዳ ስም የተሠራ ነው፤ አፍንጫን ሽቅብ አድርጎ መናቅ ማለት ነው። ግሪኩ በአፍንጫ፣ እንግሊዝኛው በማስመሰል፣ አማርኛው በ«በት»፤ ሦስቱም አንድ ድርጊት ለመናገር በየራሳቸው በር ገቡ። ተርጓሚዎቹ «አይቀለድበትም» ሳይሉ «አይዘበትበትም» ማለታቸውን ሳስብ አደንቃቸዋለሁ።

የሰዋስው መምህር፦
@የቃል ሥር ቆፋሪ፣ የአፍንጫውን ነገር አላውቀውም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። በዚሁ አጋጣሚ ስኒር የፊት ነገር መሆኑን ልጨምር፤ ከንፈርን በአንድ በኩል ሰብሰብ አድርጎ ማሽሟጠጥ ነው፣ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ስኮፍ ብዙ ጊዜ በሐሳብ ላይ ነው፤ ማጣጣል፣ «ሂድ ወዲያ» ማለት። ጂር የብዙ ሰው ጩኸት ነው። ቶንት ደግሞ ሌላውን አናድዶ ለጠብ ለማነሣሣት ነው። ሞክ ለማንኛቸውም ጎረቤት ነው፤ ማንኛቸውንም ግን አይተካም።

ለጠያቂዋ፦ ልጄ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመያዝ አትሞክሪ። ለጊዜው ሦስት ብቻ ያዢ። ለራስሽ ደስታና መገረም ኪዲንግ፣ ለወዳጅ ጨዋታ ቲዝ፣ ለሚያቆስለው ሞክ። ንግግር ላይ ደግሞ ሰዎች ከሞክ ይልቅ ሜክ ፈን ኦቭን ይቀናቸዋል፤ ሞክ ጽሑፍ ላይ ይበዛል። ፊት ለፊት «ሞኪንግ» ስትይ ክስ የሚመስለው አንድም ለዚህ ነው። እና ባልደረባሽን አናግሪያት።

ጀማሪዋ፦
እሺ መምህር። ዛሬ ጠዋት አናገርኳት፤ የሆነውን ልንገራችሁና ክሩን ልዝጋ።

ቡና ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠብቄ ገባሁ። በአማርኛ አንድ ቃል ለሁለቱም እንደምንጠቀም፣ ልል የፈለግኩት «ኪዲንግ» እንደነበር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አመጣች። ከሁለት ወር በፊት ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አሳስቼ ጠርቼው፣ እሷ ቃሉን ደግማ በትክክል ስትጠራው ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔ ትዝም አይለኝ። እሷ ግን ያን ጊዜ አነጋገሬን የቀዳችብኝ መስሎኝ ቂም እንደያዝኩ፣ በምሥራቹ ቀን ያንኑ ጠብቄ በፊቷ ላይ እንደጣልኩላት አስባ ነበር። «አይ ወዝ ኮሬክቲንግ ዩ፣ ኖት ሞኪንግ ዩ» (እያረምኩሽ ነበር እንጂ እያላገጥኩብሽ አልነበረም) ስትለኝ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

@ዝምተኛው፣ ያንተን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮ ምን እያለችኝ እንደሆነ አይገባኝም ነበር። የሰውን ድምፅ ደግሞ መጥራት ለምን እንዲህ እንዳስጨነቃት ወዲያው ገባኝ። ያን ቃል እንደገና እንድትጠራልኝ ጠየቅኳት፤ እኔም ተከትያት ጠራሁት፤ አራተኛው ላይ ተስተካከለልኝ።